አዋጁ ጸድቋል፤ ችግኙስ?

ቆጣሪው
ማክሰኞ፣ ሰኔ 10፣ ከምሽቱ 2፡40

ዛሬ በረሃማነትንና ድርቅን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ነው። ከሥራ ወጥቼ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ሁልጊዜ ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት ገባሁ። ሬዲዮው ለዘንድሮው ክረምት ስለተዘጋጀው ችግኝ ያወራል። አስተናጋጇ ድምፁን ቀነሰችው፤ ማንም ቅር አላለውም። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቁጥር ሲጠራ ጆሮዬ ይቆማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሐምሌ ላይ ከመሥሪያ ቤታችን ስምንት ሰዎች እንጦጦ ወጥተን ችግኝ ተከልን። ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ደረሰን፤ በድምሩ 40። ቲሸርት ለበስን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦ በልተን ለስላሳ ጠጥተን ወረድን። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቦታ የሚያነሣ ሰው አልሰማሁም። ባለፈው ቅዳሜ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብቻዬን ተመልሼ ወጣሁ። ቦታውን የለየሁት አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ በተቀባ ቀለም ነው። ቆጠርኩ። በሕይወት ያሉ 9። ቆመው የደረቁ 14። ጉድጓዱ ብቻ የቀረ 17።

ከደረቁት አንዱን ያዝ አድርጌ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ሥሩ ላይ እንዳለ ነው። ሥሮቹ መውጫ አጥተው ውስጥ ለውስጥ ሲዞሩ ከርመው እንደ ጥምጥም ተጠቅልለዋል። ማን እንደተከለው አላውቅም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። ፕላስቲኩን ቅደዱ ብሎ የነገረን ሰው ነበር ወይ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ። ትዝ የሚለኝ ፎቶ አንሺው ብቻ ነው።

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። አዋጅ ይጸድቃል፤ ችግኝም ይጸድቃል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የበረሃማነት መከላከል ስምምነት በ1989 ካጸደቀች ወዲህ ስንት ስትራቴጂ፣ ስንት መርሐ ግብር ጸደቀ? ሐምሌ 22፣ 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ደስ ብሎኝ ለወንድሜ ደውዬለታለሁ፤ ዛሬም በዚያ አላፍርም። ነገር ግን እኛ ሒሳብ ስንዘጋ የገባውን ብቻ ጽፈን አንዘጋም። ጉድለት አለ፣ ብልሽት አለ፣ በዓመቱ መጨረሻ መጋዘን ገብቶ አንድ በአንድ መቁጠር አለ። በድርቅና በበረሃማነት ላይ ያወጣናቸውን ፖሊሲዎች እንዲህ ገብቶ የሚቆጥራቸው ማን ነው? የፖለቲካ ጭቅጭቅ አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ጥርጣሬ አይከፈልበትም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እንጦጦ በረሃ ሆነ እንዴ? እዚያ ያለው ጉም ነው። ድርቁ ያለው ሌላ ቦታ፣ ስለ ድርቁ የሚሰበሰበው ሰው ያለው ካዛንቺስ ሆቴል ውስጥ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። የሆቴሉን ምሳ ግን አልነቅፍም፤ አንድ ጊዜ አዳራሽ ተሳስቼ ገብቼ በልቻለሁ።

የጉለሌ ወይራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁና ጥቂት ልበል።

ቆጣሪው፣ ከ40 ዘጠኝ መጽደቁ አላስደነገጠኝም፤ ያስደነገጠኝ ተመልሶ የሄደ ሰው መገኘቱ ነው። ይሁን እንጂ ችግኝን ከፖሊሲው ጋር አንድ አድርገን ካየነው እንሳሳታለን። ችግኝ የሥራው ጭራ ነው፤ ጭንቅላቱ አፈሩ ነው። በ1978 የተጠናቀቀው የደጋው ክፍል ጥናት ከደጋችን በየዓመቱ የሚታጠበውን አፈር 1.9 ቢሊዮን ቶን ገምቶት ነበር። አፈሩ ከሄደ ዝናቡ ቢመጣም የሚያርፍበት የለም፤ ወርዶ ጎርፍ ይሆንና በሦስተኛው ሳምንት ማሳው ይሰነጠቃል። ገበሬው «ዝናብ አጠረኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ያጠረው ዝናቡን የሚይዝለት አፈር ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው ሥራ ከተራራው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ታች የሚወርደው ነው። እርከን፣ ቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር፣ ከዚያ ቦታውን ከከብት መከለል። በብዙ ቦታ መትከል እንኳ አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦን ተመልከቱ፤ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ያገገመው ከድሮው ደን የቀረው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ጠንካራውን ቀንበጥ እየተዉ ሌላውን በመግረዝ ነው። ጉቶው ሞቶ አልነበረም፤ በየዓመቱ ይቆረጥ ስለነበር ነው ቀና ማለት ያቃተው። መሬቱ በአካባቢው ሰዎች ማኅበራት እጅ ሆነ፣ በ2002 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፣ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡት ካርቦን ከሚከፈለው፣ ገንዘብ አገኙ። ኮንሶዎች ደግሞ ማንም ፕሮጀክት ሳይሰጣቸው ለዘመናት ድንጋይ ሲክቡ ኖረዋል፤ ዩኔስኮ የመዘገበላቸው በ2003 ነው። ትግራይም በ2009 በዓለም አቀፍ መድረክ የወርቅ ሽልማት ያገኘችው፣ አቅም ያለው ሁሉ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት በነጻ ወጥቶ ተራራውን በማልበሱ ነው።

ሕግም አላጣንም። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም አይግባበት ይል ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራበት ብቻ ይታረስ ይላል። አሁን በሌላ አዋጅ ቢተካም አሳቡ ሊነቀፍ የሚችል አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በመኪና ስትሄዱ ግራና ቀኝ እያያችሁ ስንቱ ማሳ ሕጉን እንደሚያውቅ ፍረዱ።

ወሎዬዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

የጉለሌ ወይራ፣ ሕጉን በደንብ አስቀምጠዋል። አክስቴ ግን ያላት መሬት እሱ ብቻ ነው። ደላንታ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ሁለት ጥማድ የማይሞላ ማሳ። ስልሳ በመቶ ይሁን ሰባ ማንም ለክቶ አያውቅም። ቆማ ስታርም አንድ እግሯ ከሌላው ከፍ ብሎ ነው። «ይህ አይታረስም» ካሏት የትኛውን ልትበላ ነው? የተዳፋቱን አንቀጽ የጻፈው ሰው ከስሩ አንድ መስመር ጨምሮ «ታዲያ ወዴት ትሂድ» የሚለውን አልመለሰም።

እኔ ጥሩ ሆኖ ያየሁትንም ልንገራችሁ፣ ነቃፊ ብቻ እንዳልባል። አክስቴ በሴፍቲኔት ታቅፋ ነበር። ይህ መርሐ ግብር በ1997 ሲጀመር የነበረው አሳብ ቀላል ነው። በየዓመቱ የሚራቡት ያው ሰዎች ከሆኑ በየዓመቱ አስቸኳይ እርዳታ ብሎ መጮህ ምንድን ነው? አስቀድሞ የሚታወቅ ክፍያ ለተወሰኑ ወራት ይሰጣቸው፤ ጉልበት ያለው ይሥራበት፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ይደገፍ። ጥር ሲገባ ሴቶቹ ድንጋይ በቃሬዛ ያመላልሳሉ፣ ወንዶቹ ይክባሉ። እኔ ለጥምቀት ስሄድ አብሬ ወጥቼ ድንጋይ አቀብያለሁ፤ ሦስት ቀን ጀርባዬ አልተቃናም።

ከእርከኑ በላይ ያለውን ተራራ ከለሉት። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ። አጭዶ ወስዶ ማብላት እንጂ ከብት ማስገባት አይቻልም፣ የገባበት ይቀጣል። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ሌሊት ሌሊት ፍየሉን እያሾለከ ያስገባ ነበር፤ አክስቴም ጭምር፣ አልዋሽም። ነገሩ የተስተካከለው ዘበኛ ሲቀጠር ነው። ዘበኛውን የቀጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ከየቤቱ እህል አዋጥተው። ስንዴውን እየሰፈሩ የሚሰጡት ሰው ሲተኛ ካገኙት ዝም አይሉትም። ዘበኛውም ቢሆን ፍየል ካገኘ የማን እንደሆነች ይለያል፣ የአክስቴን ጨምሮ።

ጋሼ መጋዘን
ረቡዕ፣ ሰኔ 11፣ ከንጋቱ 12፡15

እንቅልፍ የማይወስደኝ ሽማግሌ ነኝና በጠዋት ገባሁ።

ልጄ ቆጣሪው፣ ጥያቄህ የመጋዘን ጸሐፊ ጥያቄ ስለሆነ ወደድኩት። እኔም በእርዳታ እህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ናዝሬትም ኮምቦልቻም ሠርቻለሁ። እህል ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ተረካቢው ይፈርማል። ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ የሚወስደው ይፈርማል። አንድ ከረጢት ስንዴ በሁለት ፊርማ መካከል ሊጠፋ ይችላል፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚጠየቅ ሰው አለ። የመጠባበቂያው እህል ክምችትም አሠራሩ ይኸው ነበር፤ እርዳታ ሰጪ ድርጅት መርከቡ እስኪደርስ በብድር ይወስዳል፣ ሲደርስለት ይተካል። ብድር ስለነበር ወረቀቱ አይዘጋም። ያልተዘጋ ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጦ ያይሃል።

በችግኝ ላይ የማየው ሞዴል 22ን ብቻ ነው። ከችግኝ ጣቢያ ወጣ፣ ተተከለ፣ አበቃ። ሞዴል 19 የፈረመው ማን ነው? ማን ተረከበ?

እስቲ ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። አዲስ አበባ ገና ልጅ ሳለች ማገዶ አልቆባት ልትነቀል ነበር። እምዬ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባህር ዛፍ ነው። ሰው በየጓሮው ተከለው፣ ምክንያቱም ቅጠሉ እንጀራ ይጋግራል፣ ግንዱ አጣና ሆኖ ይሸጣል። በዚህች አገር ከተተከለ ዛፍ ሁሉ እንደ ባህር ዛፍ የጸደቀ የለም፤ አንድ ቲሸርት ግን አልታተመለትም። ውሃ ይመጥጣል፣ ሌላ አያበቅልም የሚሉት እውነት ነው፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት ነበረው።

ስለ ድርቁም አንድ ነገር። «ሳናውቅ ደረሰብን» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በ1976 መጋቢት ላይ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሾችን ሰብስቦ ሰው ሊያልቅ ነው ብሎ ተናግሮ ነበር። በ1977 መስከረም እዚህ መሃል አዲስ አበባ ምን ነበር? የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል። ከጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት የቆመው ለዚያ በዓል ነው። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላየውም። ማስጠንቀቂያ አልጎደለንም፤ ማስጠንቀቂያውን ፈርሞ የተረከበ አልነበረም። በ2008 በኤልኒኖው ጊዜ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ሲያስፈልገው፣ ገና ያልተመረቀው የጂቡቲ ባቡር እንኳ እህል ጭኖ ሲመጣ አይቼ «ከ77 ተምረናል» ብዬ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ምንም አልተለወጠም አልልም።

ጥርጣሬ አይከፈልበትም
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ አፍ የለኝም። ነገር ግን የጉለሌ ወይራን ልጠይቅ፤ ዝናቡ ጨርሶ ካልመጣ እርከኑ ምን ይይዛል? ጤዛ?

የጉለሌ ወይራ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ተገቢ ጥያቄ ነው። ድርቅና በረሃማነት ሁለት ናቸው። ድርቅ መጥቶ ይሄዳል፤ በረሃማነት ግን መሬቱ ሲደኸይ ነው፣ እሱም ቶሎ አይመለስም። እርከን ዝናብ አያመጣም። የሚሠራው ባለፈው ክረምት የዘነበውን ከመሬት ውስጥ ማቆየት ነው። ተራራው ሲከለል ከሥሩ የደረቀ ምንጭ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። አምስት ወቅት በተከታታይ ካልዘነበ ግን እውነትዎን ነው፣ የእኔ ሙያ እዚያ ላይ ያቆማል። ያንን በኑሮው የሚያውቅ ሰው ቢናገር ይሻላል።

የያቤሎ ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

አምስት ወቅት ያሉት የእኛን ነው። ቦረና ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሳይዘንብ ቀረ። እኔ ያኔ እዚሁ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ሥራ ጀምሬ ነበር። አባቴ ይደውልልኛል። መጀመሪያ የከብቶቹን ስም እየጠራ «እገሊት ወደቀች» ይለኝ ነበር። በኋላ ቁጥር ብቻ ይነግረኝ ጀመር። ከዚያ ስለ ከብት ማውራት አቆመ፤ ስለ እኔ ሥራ ብቻ ይጠይቃል።

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራችን የወደቁትን ማንሣት ነበር። ላሚቱ ሌሊት ከተኛች በራሷ አትነሣም። አንዱ ቀንዷን፣ ሁለቱ ከሆዷ ሥር እንጨት አስገብተው፣ አንዱ ጭራዋን ይዘን እናቆማታለን። ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ትንሽ ደግፈናት እንቆይና እጃችንን ቀስ ብለን እንለቃለን። በዚያ ዕለት የምትሄድ ከሆነ ይታወቃል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እየተጠራራን እስከ ረፋድ ድረስ ይህንን ነበር የምንሠራው።

ስለ ፖሊሲ ከተነሣ፣ የእኛ አገር በፖሊሲ ተጎድቷል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ቦረና ድሮ የግጦሽ መሬቱን በየጊዜው በእሳት ያቃጥል ነበር፤ ቁጥቋጦው እንዳይወርሰው፣ ሣሩም እንዲታደስ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ ማቃጠል ተከለከለ። አሳቡ ተፈጥሮን መጠበቅ ነበር። ቁጥቋጦው ወረሰው፣ ሣሩ ጠፋ። አረንጓዴ ነው፣ ከአውሮፕላን ብታዩት ደን ይመስላችኋል። ላም ግን አትበላውም።

ውሃም እንዲሁ ነው። ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉን፤ ሰው በመደዳ ቆሞ እየዘፈነ ውሃ የሚያቀባብልባቸው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ኮንፊ የሚባል ባለቤት አለው፣ ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄረጋ አለው። ዛሬ የማን ከብት እንደሚጠጣ፣ ነገ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ካሎ የምንለው የተከለለ ሣርም ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚቆይ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ሞዴል 19 ያሉት እኛ ዘንድ በቃል ነው፣ ግን አለ።

የሠራ ነገር ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለት እጠቅሳለሁ። በ1998 ድርቅ በሞያሌ በኩል ነጋዴዎች ብድር ተመቻችቶላቸው ከብቱ ሳይሞት እንዲገዙ ተደረገ። ሰው በሽያጩ እህልም መኖም ገዛ፤ የቀሩትን ከብቶች አተረፈ። ሁለተኛው በ2004 የተጀመረው የከብት መድን ነው። ሳተላይት የሣሩን አረንጓዴነት ይለካል፤ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ይከፈላል። አባቴ መጀመሪያ ሲነግሩት ስቆ ነበር፤ «ላሜን ያላየ ሰው ከሰማይ ሆኖ ሣሬን ይቆጥራል?» ብሎ። ሁለቱም ግን በጊዜው ከሆኑ ብቻ ነው የሚሠሩት። ላሚቱን በጭራ ማንሣት ከተጀመረ በኋላ ነጋዴ አይመጣም። ቢመጣም በአንድ እስር ድርቆሽ ዋጋ ነው።

አዋሽ ዳር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡45

ጋሼ ባለቤት የሌለው ዛፍ አይጸድቅም ያሉ መሰለኝ። እኔ ማንም ሳይንከባከበው የጸደቀ አንድ ዛፍ አውቃለሁ። ኑና አፋር ላሳያችሁ።

ፕሮሶፒስ ይባላል። በ1970ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል፣ ጥላና ማገዶ ይሆናል ተብሎ መጣ። ተከላውም ተሳካ። ፍየሉ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ በሆዱ አልፎ በበጠጡ ይወርዳል፣ በወረደበት ይበቅላል። ከአዋሽ ዳር ያለውን ምርጥ የግጦሽ መሬት ወረሰው። እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል፣ የግመል እግር ያሽመደምዳል። ቆርጠን ከሰል እናደርገዋለን፣ ከጉቶው መልሶ ይበቅላል። በእናንተ ቆጠራ ቢመዘን መቶ በመቶ የጸደቀ ይባልለት ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ ቆጣሪው፣ ስንት ጸደቀ ብቻ ብለህ አትቁጠር። ምኑ ጸደቀ ብለህም ቁጠር።

አወያይ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡00

ብሔርን የሚዘልፉ ሁለት መልሶች ተሰርዘዋል። ስለ ኮሪደር ልማቱ የቤት ካሣ የጠየቃችሁ ሰው፣ ለብቻው የውይይት ክር ክፈቱለት። እዚህ ድርቅና መሬት ላይ እንቆይ።

የእማማ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ኮሪደር ከተነሣ አይቀር የእኔ ነገር ከክሩ አይወጣም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እናቴ አራዳ ውስጥ በከተማ ሴፍቲኔት መንገድ በመጥረግ ነው የጀመረችው። አሁን ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅተው አዲሶቹን የመንገድ ዳር ተክሎች ውሃ ያጠጣሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። ቦቴው ሲደርስ ቱቦውን ሁለት ሆነው ይጎትታሉ፤ ከባድ ነው፣ እንደ እባብ ይጠመዘዛል ትላለች። ውሃው በኃይል ከመጣ አፈሩን አጥቦ ሥሩን ያወጣዋል፤ ስለዚህ በእጇ መዳፍ ገታ አድርጋ ነው የምትለቀው። ቤት ስትመለስ ጫማዋ ስለሚርስ ከምድጃው ጎን ታደርቀዋለች። ሁልጊዜ ያ የረጠበ ጎማ ሽታ ቤታችን ውስጥ አለ።

በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ያሉትን ዘንባባዎች ታውቋቸው ይሆናል። እናቴ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። የትኛው ወደ ግራ እንዳዘነበለ፣ የትኛውን መኪና እንደገጨው፣ የትኛው «አመለኛ» እንደሆነ። ባለፈው ሚያዝያ ሦስት ቀን ታማ ተኝታ ሳለ እኔን ልካ አሳየችኝ፤ ቢጫ የሆነ ቅጠል እንዳለ አይተህ ንገረኝ አለችኝ። አንድ ዛፍ ስር ቆሜ በስልክ ቅጠል ስገልጽላት የሚያልፈው ሰው ሁሉ አየኝ።

የእኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ሮቶውንና ጀሪካኖቹን ሁሉ እንሞላለን። «ለዘንባባ በየቀኑ፣ ለእኛ በፈረቃ» ብዬ አንድ ጊዜ ስቀልድ ተቆጣችኝ። «ዘንባባው ጀሪካን የለው» አለች።

ለማለት የፈለግኩት ፒያሳ ያለው ዛፍ የማይሞተው እናቴ ስላለች ነው። ደመወዝ አላት፣ ተራ አላት፣ አለቃ አለባት። እንጦጦ ያለው ችግኝ እናት የለውም።

ወሎዬዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

እናትህን ሳሚልኝ ልል ነበር፤ ወንድ መሆንህን አሁን አየሁ። ሳምልኝ።

ቆጣሪው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ ሰርቄ ሳነብ ዋልኩ፤ ሒሳቡ ዛሬ አልተዘጋም።

ጋሼ፣ ሞዴል 19 ያሉት አልለቀቀኝም። ሁምቦ ላይ ማኅበሩ ፈርሟል። ደላንታ ላይ እህል የሚሰፈርለት ዘበኛ ፈርሟል። ቦረና ላይ አባ ሄረጋ አለ፣ ፒያሳ ላይ የእማማ ልጅ እናት አሉ። እኛ ስምንታችን ግን ሞዴል 22 ቆርጠን ወርደናል። አገሪቱ 15 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተ መሬት አለማለሁ ብላ ለዓለም ቃል ስትገባ፣ እዚያ ውስጥ የእኔም አርባ ችግኝ ተቆጥራ ይሆናል። አዋሽ ዳር፣ ምኑ ጸደቀ ላልከው፣ ከዘጠኙ ስድስቱ ወይራ፣ ሦስቱ ጥድ ናቸው፤ ቅጠሉን ፎቶ አንሥቼ አስለይቻለሁ።

ለአለቃችን ዛሬ ነገርኩት። ዘንድሮ አዲስ ቦታ ከመሄድ የአምናውን እንጠግን፣ በወር አንድ ቀን ተራ እንግባ አልኩት። «ለፎቶ አይመችም» አለኝ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁትም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን ትቼ በራሴ ቅዳሜ እወጣለሁ። የደረቁትን ነቅዬ ጉድጓዶቹን አሰፋለሁ። ዝናቡ ሲጠነክር ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እተካለሁ። የሚመጣ ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስድስት ኪሎ፣ የሽሮ ሜዳ ታክሲ የሚጫንበት ጋ።

ጥርጣሬ አይከፈልበትም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

ምሳ አለ?

ቆጣሪው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡27

ዳቦ።

ጥርጣሬ አይከፈልበትም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡31

እመጣለሁ። አካፋ ግን የለኝም።

የጉለሌ ወይራ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50

አካፋና ዶማ እኔ ዘንድ አለ፣ በመኪናዬ አመጣለሁ። ጉድጓዱን ስታሰፉ የላይኛውንና የታችኛውን አፈር ለየብቻ ክመሩ፤ ስትተክሉ የላይኛው ነው ሥሩ አጠገብ የሚገባው። ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ከታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ክተሩለት፣ ውሃው እንዲቆምለት።

ጋሼ መጋዘን
ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ከንጋቱ 11፡50

ጉልበቴ ዳገት አይችልም። መኪናው እስከ ቦታው የሚደርስ ከሆነ ግን ወንበሬን ይዤ መጥቼ መዝገብ እይዛለሁ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር እንሰጣለን፤ ስም ጽፎ የሚፈርምበት ሰው ይኑረው። ካርቦን ወረቀት ቤት ውስጥ ተርፎኛል።

የያቤሎ ልጅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ለእኔ አምስት ቁጥር ያዙልኝ። አባቴ ቅዳሜ ይደውላል፤ ምን እየሠራህ ነው ሲለኝ የምነግረው አገኘሁ።

የእማማ ልጅ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

ክሩን ለእናቴ አነበብኩላት። የፕላስቲኩ ነገር ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ደግመህ አንብብ አለች። መልእክቷ ይህ ነው፦ ሐምሌ ላይ ስትተክሉ ፕላስቲኩን በእጅ አትቦጭቁት፣ አፈሩ ይበተናል። በምላጭ መጀመሪያ ቂጡን ቁረጡ፤ የተጠቀለለው ሥር እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁና አስገብታችሁ ስታበቁ ፕላስቲኩን ሳቡት። የወጣውን ፕላስቲክ አንድ ላይ ሰብስባችሁ ቁጠሩት፤ ከተተከለው ካነሰ አንዱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ቆጣሪው
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

ምላጩን እኔ እይዛለሁ።